ለሌሊት ስምንት ያልኩት

ግንቦት 20 ቀን 2017፣ ረቡዕ

ማሽኑ ዛሬ ደረሰ። ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ። ስምንት ወር ነው የጠበቅኩት። ዶክተር ክብሩ ሰው ሰብስቦ «ይኸው ጸሐይወርቅ፣ ልጅሽ ገባልሽ» አለኝ። የክፍላችን ዳይሬክተር ነው፣ ቀልድ ይወዳል። አብረን ስለተማርን ሰው ፊት «እርስዎ» እለዋለሁ እንጂ ለብቻችን ስንሆን ክብሩ ነው።

ይሄ ማሽን የዩኒቨርሲቲያችን መረብ ልብ ይሆናል። የድሮው አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሙቀት ሲበዛ ይዘጋል፣ ማራገቢያ አቁመንለታል። አዲሱ ሲተካ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በአንድ ፈጣን መስመር እንገናኛለን። እኛ ጋ በሌለ ላቦራቶሪ ተማሪያችን እዚሁ ሐዋሳ ቁጭ ብሎ ይሠራበታል። ባልደረባችን ሐዳሳ ለጥናቷ ቡሹሎ ሐይቁ ዳር የተከለቻቸው የውኃ መለኪያዎች የሚልኩትን ሌላ አገር ያለ ተመራማሪ በዚያው ደቂቃ ያየዋል። ይሄን እራት ላይ ሳወራ ግርማ «ባልሽ ነኝ ወይስ የስብሰባ ተሳታፊ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ሃያ ዓመት የለፋሁበት ነገር ነው፣ ለማን ላውራው?

ጋሽ ዩኑስ ማሽኑን ዞረው ዞረው አዩትና «ወንፊት ይመስላል» ብለው ሄዱ። እሳቸው የመስመር ሠራተኛችን ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ግቢ ሽቦ ቀብረዋል፣ መጀመሪያ የስልክ፣ ኋላ ፋይበር። ዲግሪ የላቸውም። የትኛው መስመር በየትኛው ዛፍ ሥር እንደሚያልፍ ግን ከሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ፋይበር ሲቀጥሉ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ከፀጉር የቀጠነ ነገር እጃቸው ላይ ንቅንቅ አይልም።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ከሥሬ የሚሠራው ወጣቱ ሮቢ ዛሬ ጉድ ሠራ። የፈተና አዳራሹ ካሜራ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እንዲቀርጽ ሞላሁ ብሎ ለካ 3:00 ብሎ ሞልቶት፣ ሌሊቱን ሙሉ ጨለማና አንድ ድመት ቀርጾ መጣ። ማሽን የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የእኛ ጠዋት ሦስት ለሱ ዘጠኝ ነው። ይሄን የማያውቅ ባለሙያ አለ እንዴ? ሰው ሁሉ እስኪሰማ ሳቅሁበት። ቢጫ ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፌ ከጠረጴዛው በላይ ለጠፍኩ፦ «ስድስቱን አትርሱ!» ልጁ ቀላ። ትንሽ አበዛሁት መሰለኝ።

ግንቦት 29፣ ዓርብ፣ አረፋ

ጋሽ ዩኑስ በበዓል ቀን ከሰዓት በኋላ ብቅ አሉ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሰው። «የሴቶች ማደሪያው መስመር ላይ ውኃ ገብቶ እንደሆነ ልየው ብዬ።» ከባለቤታቸው ከእትዬ አስማ የተላከ ሙሸበክ ይዘውልኛል።

«ስኳር በሽተኛ ሆና ጣፋጭ የምትሠራ ሴት ታውቂያለሽ?» አሉኝ እየሳቁ። «ለሰው ትሰጣለች፣ እሷ ጣቷን እንኳ አትልስም።»

በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የእትዬ አስማን መርፌ የሚወጉት እሳቸው ናቸው። የእትዬ አስማ ዓይን ደክሟል፣ የመርፌው ላይ መስመር አይታያቸውም። «አሥራ ሁለት ዓመት ወጋኋት፣ አንድ ቀን አመመኝ አላለችም» አሉ። እንደዚህ ሲኮሩ አይቻቸው አላውቅም። ሙሸበኩን ግርማ ጨረሰው።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ስብሰባ። ዩኒቨርሲቲዎቹን የሚያገናኘው ቡድን ሰኔ 11 ሊጎበኘን ይመጣል፤ አዲሱ ማሽን ሥራ ላይ ከሆነ በመጀመሪያው ዙር እንገባለን፣ ካልሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ። ተማሪዎቹ ደግሞ ሰኔ 10 የመውጫ ፈተና አላቸው፣ በኮምፒውተር። ክብሩ «ታዲያ ከፈተናው በፊት ባለው ሌሊት ለምን አናዞረውም?» አለ። ጋሽ ዩኑስ ከበሩ አጠገብ ሆነው «በፈተና ዋዜማ መስመር አይነካም» አሉ።

«ያ በሽቦ ዘመን ነው ጋሽ ዩኑስ» አልኳቸው። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ።

ክብሩን እምቢ ማለት እችል ነበር። ኃላፊነቱ የኔ ነው፣ እኔ አይሆንም ካልኩ አይሆንም። ግን ጎብኚዎቹ ሲገቡ የማሽኑ መብራት ብልጭ ብልጭ ሲል ታየኝ። ያ ነው የቸኮልኩበት።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

አልተቀመጥኩም። ሦስት አዳራሽ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ኮምፒውተር፣ ሁሉም ተፈተሸ።

ትእዛዙን ሞላሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማሽኑ በራሱ መስመሩን ከድሮው ወደ አዲሱ ያዞራል። ለአንድ ሰዓት ያህል ሁሉም ይጠፋል፣ የሚያውቅ የለም፣ ሲነጋ ሁሉም ቦታው ነው። እየሞላሁ ሳለ ክብሩ ደወለ፤ የጎብኚዎቹ ምሳ ሐይቅ ዳር ይሁን ወይስ ግቢ? ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ጨረስኩት።

ዝናብ እየጣለ ነው። ልተኛ።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ጠፋ። በፈተናው መሃል።

(ማታ።) ረጋ ብዬ ልጻፍ። አንድ ተኩል ላይ ፈተናው በሰላም ተጀመረ። መስመሩ ሌሊት በሰላም ተሻግሯል ብዬ ሻይ ያዝኩ። ማሽኑን ሄጄ አላየሁትም። ሁለት ሰዓት ሲሆን ሦስቱም አዳራሽ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ሮጥኩ። በአርባ ሰባት ደቂቃ መለስኩት። ተማሪዎቹን አስወጥተው ከሰዓት በኋላ እንደ አዲስ አስጀመሯቸው። አንዲት ልጅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አልፌያት ሄድኩ።

ክብሩ ኮሪደሩ ላይ «ምን ተፈጠረ? ማን ምን ነካ?» እያለ ነበር። የበሩ ጥበቃ ማቴዎስ፣ የቱላ ሰው፣ ነገር አያውቅም፣ የተጠየቀውን ነው የሚመልሰው፤ «ጋሽ ዩኑስ ጉድጓድ ከፍተው ነበር፣ አይቻለሁ» አለ። እውነት ነው። በዝናቡ ውኃ የመስመሩ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ፈተናውን እንዳያበላሽ ብለው ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ክዳኑን አንስተው በጣሳ ይጨልፉ ነበር። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው መጡ። ሁሉም ዞሮ አያቸው። እሳቸው እጃቸውን አዩና «ነክቼው ይሆናል» አሉ። «የነካሁት አልመሰለኝም። ግን ሰዓቱ ልክ ነው። ነክቼው ይሆናል።»

ምክንያቱ ገና በትክክል አልታወቀም። ከጠረጴዛው በላይ ያለውን ቢጫ ወረቀት አነሳሁት። አቧራ ይዞ ነበር።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

በአሥራ አራት ቀን ወረቀት አቧራ አይዝም። ለራሴ እንኳ ልዋሽ ነው እንዴ?

08:00 ነው የሚለው ማሽኑ ላይ። ሌሊት ስምንት እያልኩ፣ ስልክ በትከሻዬ ይዤ፣ ስምንት ሞላሁ። የማሽኑ ስምንት የእኛ ጠዋት ሁለት ነው። መስመሩን ስመልስ ነው ያየሁት፤ ክብሩ ኮሪደሩ ላይ ሲጠይቅ አውቅ ነበር። ጋሽ ዩኑስ «ነክቼው ይሆናል» ሲሉ ከጎናቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ ነበር።

ጎብኚዎቹ መጡ። ማሽኑን ትናንት ማታ በእጄ አዙሬው ነበርና መብራቱ ብልጭ ብልጭ አለ። «በአርባ ሰባት ደቂቃ መመለስ ትልቅ ነገር ነው» አለኝ አንዱ። አመሰግናለሁ አልኩት።

ነገ እናገራለሁ።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ሪፖርቱን የምጽፈው እኔው ነኝ። ክብሩ አጭር ይሁን አለ። «ሰኔ 10 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ በሰው ስህተት የመረብ መቋረጥ ደርሷል።» በሰው ስህተት። ውሸት አይደለም፣ እኔም ሰው ነኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ስም የለበትም። አማርኛ ደግ ቋንቋ ነው፤ ተቋረጠ፣ ተነካ፣ ደረሰ ብለሽ ማንንም ሳትጠሪ ትወጫለሽ።

ክብሩ አንብቦ «ጎበዝ፣ ሽማግሌውን በስም አለመጥራትሽ ጥሩ ነው» አለኝ።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ለጋሽ ዩኑስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። የጉድጓዶቹን ቁልፍ አስረከቡ። ንብረት ክፍል ተመድበዋል፣ ከክፍሉ ኃላፊ ከሙሉጌጥ ጋር ወንበር ሊቆጥሩ። ሙሉጌጥ «ምን በድዬ ነው እንደሳቸው ያለ ሰው የምትመድቡልኝ? እኔ ነኝ የማፍረው» አለችኝ።

በኮሪደሩ ሲያልፉ እንደ ወትሮው «ጸሐይ፣ ደህና አደርሽ?» አሉኝ። ደህና አደርኩ አልኳቸው።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ክብሩ ቢሮ ገባሁ። በሩን ዘጋሁት። «ክብሩ፣ የዚያን ቀን ነገር…» ስል «ተይው እሱን አለፈ፣ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ» አለኝ። በመጀመሪያው ዙር ገብተናል። ሐምሌ አጋማሽ አዲስ አበባ ስለ ዩኒቨርሲቲዎች መረብ መጪ ጊዜ ስብሰባ አለ፣ ግቢያችንን ወክዬ የምናገረው እኔ ነኝ። «ስምሽን ልኬዋለሁ።»

ምን ልትነግሪኝ ነበር ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር። እንጃ።

ግርማ ለደስታው አሳ ገዝቶ መጣ። አልበላ አለኝ፣ ጾም ነው አልኩት። «የሐዋርያትን ጾም ከመቼ ወዲህ ነው አሳ ትተሽ የጾምሽው?» አለ።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ጋሽ ዩኑስ ቢሮዬ መጡ። አልተቀመጡም። ከብብታቸው ሉክ ደብተር አወጡ፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚይዙት ዓይነት። ውስጡ ግቢው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በእርሳስ የሣሉት፤ እያንዳንዱ ፋይበር፣ ጉድጓድ፣ ቅጥያ። «እዚህ ጋ የዋርካ ሥር ገፍቶታል፣ ቀስ ብላችሁ።» «ይሄ በ1999 ተቀየረ።» ቤተ መጻሕፍቱ ጋ «ጸሐይ የመጣች ጊዜ የተዘረጋ» ይላል።

«ለአዲስ አበባው ንግግር ይጠቅምሻል» አሉኝ። «እኔ ጡረታዬን ጠይቄያለሁ። ሁለት ዓመት ይቀረኝ ነበር፣ በፈቃዴ ልውጣ አልኳቸው።»

«ለምን ጋሽ ዩኑስ?»

«እጄ ሸምግሏል ልጄ። ሰው እጁ ሲሸመግል አይታወቀውም። እንዲህ ነው የሚነግረው።»

አሁን ተናገሪ፣ አሁን ተናገሪ አልኩ በሆዴ። አፌ «ደብተሩን ኮፒ አስደርጌ እመልስልዎታለሁ» አለ። አፌንም እኔንም እግዜር ይይልን።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ፣ አዲስ አበባ

ተናገርኩ። ሃያ ደቂቃ። ነገ ምን እንደምንሆን፤ አንድ ተማሪ ስልኩን ይዞ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ግቢ ቢገባ መረቡ እንደሚያውቀው፣ አንድ ሐኪም ሐዋሳ ሆኖ ሌላ ከተማ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና እንደሚያይ። ሳወራ አምንበታለሁ፣ አሁንም አምንበታለሁ። የጋሽ ዩኑስን ካርታ በኮምፒውተር አስገልብጬ አሳየሁ። ሌላ ግቢ እንዲህ ያለ የለም፣ ሁሉም ሲቆፍር ነው የሚያገኘው።

አንዲት ሴት እጇን አወጣች። «ይሄን ካርታ ማን ነው የሠራው?»

«ቡድናችን» አልኩ።

ተጨበጨበ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ጎርፉ የቤተ መጻሕፍቱን መስመር በጠሰው። ሮቢ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀጠለ፣ አልያዝ አለው። እኔም ሞከርኩ። በመጨረሻ ንብረት ክፍል ሮጥኩ። ጋሽ ዩኑስ ወንበሮች ላይ ቁጥር እየለጠፉ ነበር።

«ጋሽ ዩኑስ፣ አንድ ቅጥያ ብቻ፣ በሞቴ።»

እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ኪሳቸው ከተቱ። «እኔ ከእንግዲህ አልነካም» አሉ። «ባለሙያ አስመጡ።»

ሙሉጌጥ አየችኝ። ያቺ ሴት አንድ ነገር ታውቃለች ወይስ ለኔ ነው የሚመስለኝ? ከሌላ ከተማ ባለሙያ እስኪመጣ ቤተ መጻሕፍቱ ሁለት ቀን ያለ መስመር ይሆናል።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

ፍልሰታ ገባ። በየዓመቱ እቆርብ ነበር። የንስሐ አባቴ «ዘንድሮስ?» አሉኝ፣ ሥራ በዛብኝ አልኳቸው። ሰዓት መሳሳት ኃጢአት አይደለም፤ ሰው ይሳሳታል፣ ሮቢም ተሳስቷል፣ እኔም በሳቅ ገደልኩት። ግን ስህተቱ አርባ ሰባት ደቂቃ ነበር የቆየው። ሌላው ሁሉ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው በሙሉ፣ እያወቅኩ የሆነ ነው።

ጋሽ ዩኑስ ትናንት ወጡ። ጡረታቸው ጸደቀ። ሽኝቱ ላይ ክብሩ ንግግር አደረገ፣ ጋቢ ተሰጣቸው። ራስ ምታት ብዬ ቀደም ብዬ ወጣሁ።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

የሐዳሳ መለኪያዎች መላክ አቁመው ነበር። በጠዋት ቡሹሎ ወረድኩ። አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ምሰሶው ላይ ሰፍሮ አንቴናውን ሁሉ አቆሽሾታል። ጠራርጌ ስመለስ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ጤና ጣቢያው በር ላይ ጋሽ ዩኑስንና እትዬ አስማን አየኋቸው፣ ከባጃጅ ሲወርዱ። እትዬ አስማ የባላቸውን ክንድ ይዘዋል። መኪና አቆምኩ። ጋሽ ዩኑስ ካርድ ሊያወጡ ገቡ፣ እኛ ደጅ ቀረን።

«አሞዎት ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ ደህና ነኝ። መርፌዬን ልወጋ ነው። በየቀኑ እዚህ ነን።»

«ጋሽ ዩኑስ ይወጉዎት የለ?»

«ተወው።» ዓይናቸው እኔ ካለሁበት ትንሽ ወደ ጎን ነበር የሚያየው። «ከሰኔ ወዲህ እጄን አላምነውም አለ። ሦስት መቶ ልጅ ፈተና ላይ ያስነሳ እጅ ነው፣ አንቺን ብገልሽስ አለኝ። ለመንኩት፣ እምቢ አለ። ዝናብ ሲሆን ባጃጅም አይገኝም፣ ያኔ ሳልወጋ እውላለሁ።»

መኪናው ውስጥ ለብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። እኔ የሰውዬውን ሥራ የወሰድኩ ይመስለኝ ነበር። ለሁለት ወር ራሴን ስወቅስ ስለ ቁልፍ፣ ስለ ወንበር፣ ስለ ጡረታ ነበር የማስበው። እኔ የወሰድኩባቸው ግን እጃቸውን ነው። እትዬ አስማ ስንት ቀን ሳይወጉ ዋሉ? አልጠየቅኳቸውም፣ ፈራሁ።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ለክብሩ ነገርኩት። በሩን ከፍቼ፣ ቆሜ፣ ከማሽኑ የታተመውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አድርጌ። ለረጅም ጊዜ 08:00ን ሲያይ ቆየ።

«ማን ጠየቀሽ?» አለኝ።

«ማንም።»

«ሰውዬው ወጥቷል፣ ጋቢውን ለብሷል፣ ነገሩ ተዘግቷል። አሁን ይሄ የሚጠቅመው ማንን ነው? መጀመሪያው ዙር ውስጥ ያስገባን ያንቺ ስም ነው ጸሐይ። ነገ ሌላ ይጠይቃሉ፤ ፈተና ዋዜማ ማን አዘዘሽ ይላሉ።»

ለካ እሱም የሚፈራው ነገር ነበረው። አዘንኩለትም፣ ተናደድኩበትም። ደብዳቤውን በእጄ ጽፌ መዝገብ ቤት ሰጠሁ፣ ቁጥር አስወጣሁበት። «ትእዛዙን የሞላሁት እኔ ጸሐይወርቅ ነኝ። አቶ ዩኑስ ምንም አልነኩም።» ከሰኔ ጀምሮ ከጻፍኩት ሁሉ ስም ያለበት ይሄ ብቻ ነው።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

መልስ መጣ። ከፕሮጀክቱ ኃላፊነት ተነስቻለሁ፣ ሮቢ ለጊዜው ይይዘዋል። የጋሽ ዩኑስ ማስጠንቀቂያ ይሰረዛል። ጡረታው ግን በራሳቸው ጥያቄ የጸደቀ ስለሆነ አይመለስም።

ሮቢ ቢሮዬ መጣ። የት እንዳስቀመጥኩት አውቅ ነበር፤ ቢጫውን ወረቀት ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰጠሁት። «ለጥፈው» አልኩት። ወስዶ ለጠፈው። እግዜር ይስጠው፣ አልሳቀም።

ግርማ «ለምን በሰኔ አልነገርሽኝም?» አለኝ። ፈተናውን አይደለም፣ እሱን አለማመኔን ነው የጠየቀኝ።

ጋሽ ዩኑስ ጋ ገና አልሄድኩም። የስረዛው ደብዳቤ እንዳይቀድመኝ።

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ቤታቸው ከጤና ጣቢያው ብዙም አይርቅም፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። ሻይ ቀረበልኝ። ሦስታችን ብቻ ነበርን።

«ጋሽ ዩኑስ፣ ሰኔ አሥር መስመሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እርስዎ አይደሉም።»

«ልጄ» አሉኝ፣ «ልታጽናኚኝ ይሄን ያህል መንገድ ባትመጪ።»

አላመኑኝም። ከማሽኑ የታተመውን ወረቀት አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ቁጥሩን በጣታቸው ተከተሉት።

«ስንት ብለሽ ሞላሽ?»

«ስምንት።»

«ለሌሊት ስምንት።»

«አዎ።»

«ስድስቱን…»

«ረሳሁት።»

«ያንን ግድግዳ ላይ የለጠፍሽውን?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ቆየ፣ ዕንባቸው እስኪወርድ። እኔም ልስቅ አልኩ። ከዚያ ሳቁ አለቀና እጃቸውን ጭናቸው ላይ ገልብጠው ማየት ጀመሩ።

«ያን ቀን ታውቂ ነበር?» አሉ።

«አውቅ ነበር።»

«ደብተሬን ስሰጥሽስ?»

«አውቅ ነበር።»

ሌላ አልጠየቁም። «ሁለት ወር ተኩል ይቺን እጅ ስሰድባት ከረምኩ» አሉ ለራሳቸው። እትዬ አስማ ከተቀመጡበት «ሻይሽ ቀዘቀዘ» አሉኝ። ጠጣሁት። በሩ ላይ ስደርስ ደግሞ «ነገ አንድ ሰዓት ላይ ነይ፤ መርፌዬ ቤት ውስጥ አለች። ሲወጋኝ እንድታዪ እፈልጋለሁ» አሉ።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ። እትዬ አስማ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። ጋሽ ዩኑስ ሁለት ጊዜ ታጠቡ። መድኃኒቱን ወደ መርፌው ሳቡ፣ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩት። እንደ ድሮው ትንፋሻቸውን ያዙ።

እጃቸው ተንቀጠቀጠ።

አወረዱት። እንደገና አነሱት። ያ ከፀጉር የቀጠነ ፋይበር የሚይዘው እጅ፣ ዓይኔ እያየ፣ እንደ ቅጠል ይርገበገብ ጀመር። «ይሄው አልኩሽ አይደል» አሉ ለሚስታቸው። አልተቆጡም። «ሲሉት ሲሉት እውነት ሆነ።»

መርፌውን ትሪው ላይ አስቀመጡና ጓሮ ወጡ። የውኃ ድምፅ ሰማሁ፣ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር መሰለኝ።

«ይቅርታ» አልኩ። እስከ ዛሬ ቃሉን አላወጣሁትም ነበር፤ ስህተቴን ተናግሬያለሁ እንጂ ይቅርታ አላልኩም።

እትዬ አስማ እጅጌያቸውን መለሱ። «ይቅርታሽን እሱ ሲመለስ ንገሪው» አሉ። «እኔ ይቅርታ አልወጋም። ነገ ጤና ጣቢያ ሲስተር ብዙነሽ ጋ ትሄጂና ታስተምርሻለች። የሱ እጅ እስኪመለስ አንቺ ትወጊኛለሽ።»

«እኔ? እኔ ሰው ወግቼ አላውቅም።»

«እሱም አያውቅም ነበር።»

«ባይመለስስ?»

«እንግዲህ ትመጫለሻ» አሉ።

ዛሬ በመኪናዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ጋሽ ዩኑስ ከኋላ ተቀምጠው መንገዱን ሙሉ ሐይቁን ያዩ ነበር።

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

ትናንት ቀኑን ሙሉ ብርቱካን ላይ ተለማመድኩ። ሲስተር ብዙነሽ «ብርቱካኑ ሞቷል፣ ቀስ በይ» እያለች ስትስቅብኝ ነበር። ዛሬ እሷ እያየችኝ እትዬ አስማን ወጋኋቸው። አመመዎት ስላቸው «አዎ» አሉኝ።

ጋሽ ዩኑስ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። «ስትወጊ ትንፋሽሽን ያዢ» አሉኝ። ቅዳሜ ከተለያየን ወዲህ የነገሩኝ ይሄን ብቻ ነው።

ግቢያችን ዛሬ ከዩኒቨርሲቲዎቹ ጋር ተገናኘ አሉ፣ ሮቢ ደወለልኝ። ፍጥነቱን ነገረኝ፣ ያልኩት ሁሉ ሆኗል። እሰይ አልኩት፣ ከልቤ ነው።

ከነገ ጀምሮ ብቻዬን ነኝ የምወጋው። ስልኬን አውጥቼ ማንቂያ ሞላሁ። የእትዬ አስማ መርፌ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። 7:00 ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት፣ በጣቴ ቆጠርኩ፣ እንደገና 7:00 ብዬ ጻፍኩ። ግርማን ጠርቼ «ልክ ነው ወይ?» አልኩት።